ራዲዮና እህቱ ማጨስ የተዉ ጊዜ

ሰውየው መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ጠሪ ነበር። ከትኬት መቁረጫው በላይ ባለች፣ ሦስት ጎኗ መስታወት በሆነ ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው መስመር እንደሚነሳ፣ የማን ልጅ እንደጠፋ፣ የማን ሻንጣ ባለቤት አጥቶ እንደተቀመጠ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ሾፌሮቹ «ራዲዮ» ብለው አወጡለት። ስሙ ተከትሎት ቤት ገባና እዚያው ቀረ፤ ሚስቱ እንኳ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው የተቆጣች ዕለት ብቻ ነው። ድምፁ ወፍራምና የተረጋጋ ነበር። አርፍዶ ሻንጣውን እየጎተተ የሚሮጥ መንገደኛ ያንን ድምፅ ሲሰማ «ገና አልሄደም ማለት ነው» ይልና ልቡ መለስ ይላል።

ታላቅ እህቱን «እታለም» ይላታል። እሱን እየሰማ ሰፈሩም እታለም ይላታል። መጋረጃ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖረው ወንድሟና ሚስቱ ባሉበት ሕንጻ፣ ከእነሱ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ነው። ሱቋ ደግሞ እዚያው ከሕንጻው ሥር፣ ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያው የተደረደረበት አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። ልጅ አልወለደችም። ሰው ሲጠይቃት ወደ ወንድሟ በአገጯ እያመለከተች «አንድ አሳድጌያለሁ፤ እሱም ገና አላለቀም» ትላለች።

ሁለቱ በባሕርይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እሱ ወሬ ይወዳል፤ እሷ ቃል የምታወጣው እንደ ውድ ጨርቅ ለክታ ነው። የሚያገናኛቸው ሲጋራ ነበር። ገና ጎረምሳ ሳለ ከአባታቸው ተደብቆ ሲያጨስ ደረሰችበት። አለቀልኝ ብሎ ሲጠብቅ፣ አጠገቡ ቁጭ አለችና «እስቲ አንዴ ስጠኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲገባ ከሕንጻው ጀርባ ባለው የብረት ደረጃ ላይ፣ የተሰጣውን ልብስ እያዩ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማጨስ የዕለት ተግባራቸው ሆነ። ሊያገባ መሆኑን የነገራት እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት ሰሞን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ያለቀሰችው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ቢቀመጡ የሚያወሩት አይኖራቸውም።

ድምፁ መሻከር የጀመረ ጊዜ ጉሮሮው ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። የመናኸሪያው ኃላፊ ማይክሮፎኑን አስቀየረ። አልሻል ሲል ድምፅ ማጉያዎቹን ከየምሰሶው አስወርዶ አስጠገነ። በመጨረሻ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላሉን አጥፎ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እኔ ሽቦውን ሁሉ ፈትሻለሁ። ያልተፈተሸ የቀረው ሰውየው ነው» አለ።

ሰውየው ተፈተሸ። ድምፅ የሚያወጣው ጅማት ላይ ትንሽ እብጠት ተገኘች፤ ተቆርሳ ስትመረመር ነቀርሳ ሆነች። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ስትናገር የማትቸኩል። ባልና ሚስቱን አስቀምጣ ነገሩን አብራራችላቸው። ገና ከቦታዋ ያልተንቀሳቀሰች ስለሆነች ቀዶ ጥገና ሳያስፈልግ በጨረር ብቻ ልትጠፋ ትችላለች። ለተወሰኑ ሳምንታት ከሰኞ እስከ ዓርብ መመላለስ ይኖርበታል።

«ሲጋራውን ግን ዛሬውኑ ይተዉ» አለች።

ራዲዮ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ላልገባው ነገርም ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ነው።

ባለቤቱ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ናት። አንዴ ከተናገረች አትደግምም፤ ተማሪዎቿም ያንን ያውቃሉ። የዚያኑ ዕለት ከቤቱ መተርኮሻ የሚባል ነገር ሁሉ ለቅማ ጣለች። መጋረጃዎቹን አውርዳ አጠበች። እታለምንም በር ላይ አግኝታ «እትዬ፣ ደረጃው ቀርቷል እንግዲህ» አለቻት። እታለምም «ቀርቷል» አለች፤ ከልቧ ነበር።

የመጀመሪያውን ሰሞን ራዲዮ ጨከነ። ጨረሩ ሲሰጠው ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ በፊቱ ልክ የተሠራ ጭምብል አለ፤ ያንን አድርገውለት ጠረጴዛው ላይ ያጋድሙታል፣ ባለሙያዎቹ ይወጣሉ፣ መኪናው ያጉረመርማል፣ ከዚያ «ጨርሰናል» ይሉታል። አያምም። የሚያመው ቤት መቀመጡ ነበር። ሥራ የለ፣ ወሬ የለ፣ ሐኪሟም ድምፁን እንዲያሳርፍ አዝዛዋለች። በመናኸሪያው እሱን የተካችው ትኬት ቆራጭ የሰሜኑን መስመር ከደቡቡ እያምታታች ሰው ታንከራትታለች ሲሉት ብሽቅ ይላል። እጁ አሥር ጊዜ ወደ ኪሱ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት ሱሪ በክንዱ ጣል አድርጎ እታለም ሱቅ ገባ።

«ሰፍቶኛል» አለ በሹክሹክታ። «ወገቡን አጥብቢልኝ።»

እውነትም ከስቶ ነበር። ለካችውና በጠመኔ ምልክት አደረገች። እሱ ግን ቆሞ ቀረ። ዓይኑ ጓዳው በር ላይ ነው።

«አንዲት ብቻ» አለ።

«ሐኪሟ ምን አለችህ?»

«እታለም፣ እሱ እንደሆነ አንዴ ይዞኛል። እንግዲህ ምን ይጨመርብኛል?»

ልጅ ሳለ ሲያተኩሰው ብርድ ልብሱን ከላዩ እየገፈፈ «ወደ ውጭ ልውጣ» ይላት የነበረበት ፊት ታያት። ሰውነቱ አልቋል፣ ሥራው ተወስዷል፣ ድምፁ ጠፍቷል፤ የቀረችውን አንዲት ደስታ እኔ ልንፈገው? አለች በልቧ። ያጠፋውስ ያለፈው ጭስ ነው፤ ከዚህ በኋላ መከልከል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጓዳውን ከፍታ የኋላውን መስኮት ገርበብ አደረገች። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእሷ ለኮሰች። ከዚያ በፊት የሰጠችው ነገር ሁሉ እንደዚያ አላስደሰተውም።

በማግስቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሱሪው ሱሪን እየጠራ ሄደ። ሱሪዎቹ ሁሉ ጠብበው ሲያልቁ ኮት ተከተለ፤ ኮቱ ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያ የጠበበውን ሱሪ «በዛ፣ ትንሽ አስፊልኝ» ብሎ መልሶ አመጣው። እታለም ልብሱን ተቀብላ ማሽኑ ላይ ታስቀምጥና ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሲጋራው ባይጣፍጠውም፣ ጉሮሮውን እየለበለበው ቢሄድም፣ እየተሳለ ያጨሰዋል።

ሕክምናው ሲጋመስ ጉሮሮው ቆሰለ። ሐኪሟ ሊቆስል እንደሚችል አስቀድማ ነግራቸው ስለነበር መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። ቁስሉ ግን በየቀኑ ባሰ። ዳቦ ቀረ፣ ለስላሳ ነገር ቀረ፣ በመጨረሻ ባለቤቱ በወንፊት የምታጠልለው ሾርባ እንኳ እንደ እሳት የሚወርድበት ሆነ። ሌሊት ሲውጥ የሚያሰማው ድምፅ ከእንቅልፏ ያነቃታል። ያን ሰሞን በትምህርት ቤት ፈተና ስለነበር ባለቤቱ ፈቃድ አላገኘችም፤ ሐኪም ቤት የወሰደችው እታለም ናት።

ሐኪሟ በቀጭኗ መሣሪያ ጉሮሮውን አየች። ደግማ አየች። ጓንቷን አውልቃ ተቀመጠች።

«በዚህ ደረጃ ይህን ያህል ይቆስላል ብዬ አልጠበቅኩም» አለች። «እንዲህ ከቀጠለ ሕክምናውን ለጥቂት ቀን ማቆም ሊኖርብን ነው። ማቆም ደግሞ አልፈልግም። ሲጋራ እያጨሱ ነው?»

ራዲዮ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ይህኛው አወዛወዝ በጣም ፈጣን ነበር።

ሐኪሟ አልተከራከረችውም። እታለም ግን ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ እንደያዘች ጠየቀች።

«ለማወቅ ያህል ነው ልጄ። በሽታው አንዴ ከመጣ ሰው ቢያጨስ ባያጨስ ምን ይለውጣል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንም?»

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች።

«ብዙ ሰው እንደርስዎ ያስባል። ጅቡ ግን አልሄደም እናቴ። ግቢ ውስጥ ነው ያለው፤ ገና እያባረርነው ነው።» ትንሽ አሰበችና ወደ ራዲዮ ተመለከተች። «ጨረሩ ነቀርሳውን ብቻውን አይገድልም፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያግዘዋል። ሰው ሲያጨስ ጭሱ ደም ውስጥ ይገባና የኦክስጅኑን ወንበር ይይዛል። እርስዎ መናኸሪያ ስለሚሠሩ ያውቁታል፤ ትኬት የሌለው ቀድሞ ሲቀመጥ ትኬት የቆረጠው መሬት ይቀራል። እኛ ያንኑ ጨረር እንሰጣለን፣ ሥራው ግን ያንሳል። ቁስሉም ለመዳን ይዘገያል፤ አንዳንዴም እንዲህ ይብሳል። ሕክምናውን ስናቋርጥ ደግሞ እኛ ሳንሆን ነቀርሳው ነው የሚያርፈው።»

«ሁሉም አልቆ ከዳነ በኋላስ?»

«ከዳነ በኋላም ማጨሱን የቀጠለ ሰው በሽታው ተመልሶ የመምጣቱ ወይም ሌላ ቦታ አዲስ የመነሣቱ ነገር ካቆመው ሰው የበዛ ነው።»

እታለም መሬት መሬት አየች። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ፕላስቲክ ጥግ ጥጉ ተነስቷል። ባለፉት ሳምንታት ወንድሟ ጠዋት ጠዋት እዚህ መጥቶ፣ ፊቱ ታስሮ ተጋድሞ፣ የተሰጠውን መድኃኒት ተቀብሎ ይመለሳል፤ ከሰዓት እሷ ጓዳ ገብቶ ጠዋት ያገኘውን እያፈረሰ ይወጣል። የምታስታምመው መስሏት ነበር።

«ዛሬ ቢተውስ?» አለች።

«ዛሬ ቢተው ከዛሬ ጀምሮ ይጠቅመዋል። ቀደም ብሎ ቢሆን ይሻል ነበር። ግን አልረፈደም። ይህን የምለው ላጽናናዎ አይደለም።»

«የምሰጠው እኔ ነኝ» አለች እታለም።

ራዲዮ ቀና ብሎ አያት። ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ትከሻዋ ቀለል ያለ መሰለ።

«እንኳን ነገሩኝ። አሁን የማክመውን አወቅኩት። እርስዎም ያጨሳሉ ማለት ነው?»

«እሱ ሲጀምር ጀምሬ።»

«እንግዲያው አብራችሁ አቁሙ። አንዱ እያጨሰ ሌላው መተው ከባድ ነው።» ክንድ ላይ የሚለጠፍ፣ ሱሱን ቀስ እያለ የሚያስታግስ ፕላስተር ለሁለቱም አዘዘችላቸው። ለቁስሉም የሚያደነዝዝ ፈሳሽ ጨመረችለት። «ሕክምናውን አናቆምም። ሳምንቱን እንየው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ራዲዮ ፊቱን ወደ መስኮት አድርጎ ረጅም መንገድ ሄደ። ከዚያ ሳይዞር፣ በዚያ በተበጣጠሰ ሹክሹክታው፣ «ሸጥሽኝ» አለ።

«ሸጥኩህ» አለች። «ዋጋህ ሳይወርድ ብዬ ነው።»

ላለመሳቅ ብዙ ታገለ። ሲስቅ ጉሮሮውን አመመውና በእጁ ደግፎ እንባ እስኪወጣው ሳቀ፤ ወይም አለቀሰ፤ እታለም የትኛው እንደሆነ አልለየችም። መሐረቧን አውጥታ ሰጠችው።

ማታ ለባለቤቱ የነገረቻት ራሷ እታለም ናት። መምህርቷ የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«ሱሪዎቹ» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እዚህ ቆሜ ሾርባ ሳጠልል፣ እሱ አልዋጥ ብሎት ሲያለቅስ አብሬው ሳለቅስ፣ እርስዎ ታች ሆነው ያስጨሱታል።»

«አዎ።»

መምህርቷ ከዚያ በኋላ የተናገረችው ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት ግን ለእታለም ከስድብ የበለጠ ከበዳት። ተነስታ ሳህኖቹን አጠበች። የታጠቡትንም ደግማ አጠበች። በመጨረሻ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ «በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት እትዬ፤ እርስዎ ይዝጉት። ከነገ ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ የሚወስዱትም የሚመልሱትም እርስዎ ነዎት» አለች።

«እሺ» አለች እታለም። «እኔም ተውኩት።»

መተው ግን እንደመናገር አልቀለለም። ፕላስተሩ ይረዳል፤ ቢሆንም እጅ የለመደውን አይረሳም። የሲጋራውን ቦታ ስፒል ያዘው፤ ቀኑን ሙሉ በከንፈሯ ስፒል ይዛ ትውላለች፣ ሰው ሲያናግራት በጥርሷ መካከል ነው የምትመልሰው። በትንሹም በትልቁም ትቆጣለች። አንድ ቀን ለአንዲት ደንበኛ ትልቅ የሳሎን መጋረጃ ስትሰፋ፣ መስቀያው የሚገባበትን ጥብጣብ ከታችኛው ጫፍ ላይ አዙራ ሰፋችው። ሴትዮዋ ልትወስድ መጥታ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ከወለል ወደ ላይ ነው የሚሰቀለው?» አለች።

«ሲጋራ ትቼ ነው» አለች እታለም ስፒሏን እንደያዘች።

ሴትዮዋ ባሏ ሲጋራ የተወ ሰሞን በር ገንጥሎ እንደነበር አስታወሰችና «ጊዜ ውሰጂ» ብላ ሄደች።

ሁሉም ደንበኛ እንደሷ አልነበረም። ከአንዱ ጋር በጨርቅ ቀለም ተጨቃጭቃ፣ ደሟ ፈልቶ፣ ከመንገድ ማዶ አንዲት ሲጋራ ገዝታ ከሕንጻው ጀርባ እስከ ግማሽ አጨሰቻት። ማግስቱን ከጨረር ክፍሉ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ሲጠብቁ ነገረችው።

ራዲዮ ጠጋ ብሎ «ጣመሽ?» አለ።

«ጣመኝ። ምን ልበልህ።»

«እኔን ደግሞ ያጠፋሽው ግማሽ ነው የቆጨኝ» አለ፤ ጭምብሉን የያዘው ባለሙያ በር ከፍቶ ሲጠራውም ፈገግ እንዳለ ነበር የገባው። እታለም ሐኪሟ ፊት ከተናገረችበት ቀን ወዲህ እሱ አልነካም። አንድ ጊዜ የግቢው ጥበቃ ሲያጨስ አጠገቡ ሄዶ ቆሞ አይታዋለች፤ ዝም ብሎ ቆሞ ጭሱን ካየ በኋላ ብቻውን ተመለሰ። አልጠየቀችውም።

ሐኪም ቤት ሲመላለሱ መንገዱ ረጅም ነበር፣ ወረፋውም ረጅም። ድሮ ሲጋራው ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል፤ ይነሳሉ፣ ልብሳቸውን ያራግፋሉ፣ ይለያያሉ። አሁን ወሬውን የሚጨርስ ነገር ጠፋ። በዚያ ላይ ተናጋሪው እንዳይናገር ተከልክሏል። ስለዚህ ቁጥቧ መናገር ነበረባት። መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ተሳፋሪው፣ አጠገባቸው ስላለው ሰው ጫማ አወራች። ያ ሲያልቅባት ወደ ራሷ ሕይወት ገባች። ባሏን መጀመሪያ ያየችው መጋረጃ ልትለካ ቤቱ ሄዳ እንደነበር፣ መስኮቱ ሦስት ሆኖ ሳለ አራተኛ መስኮት አለኝ ብሎ ሌላ ቀን እንዳስጠራት ነገረችው። ራዲዮ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለ በሹክሹክታ።

«መች ታስወራኛለህ?»

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ሱቅ አብሯት ይገባል። እጁ እንዳይቦዝን ብላ አሮጌ መጋረጃና መቀስ ትሰጠዋለች፤ እሱ ስፌት ይፈታል፣ እሷ ትሰፋለች፣ ታወራለች። የጓዳው መስኮት አሁን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጨርቆቹም ቀስ በቀስ ጨርቅ ጨርቅ መሽተት ጀመሩ። አንዳንድ ቀን መምህርቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። እየቆየ እሷም ወንበር ስባ መቀመጥ ጀመረች። የመጀመሪያውን ቀን እታለም ከመደንገጧ የተነሣ ማሽኑን አቁማ ተነሳች።

«ይቀጥሉ እንጂ እትዬ» አለች መምህርቷ ጫማዋን እያወለቀች። «አራተኛው መስኮት ጋ ነው የደረሱት ብሎኛል።»

ቁስሉ ወዲያው አልዳነም። ያን ሳምንት ግን አልባሰም፤ በሚቀጥለው ጠርዝ ጠርዙ መድረቅ ያዘ። አንድ ጠዋት ራዲዮ ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን ለሚስቱ ዘቅዝቆ አሳያት። ሐኪሟ በመሣሪያዋ አይታ «እንቀጥላለን» አለች፤ ሕክምናው አንድም ቀን ሳይቋረጥ ተፈጸመ። የመጨረሻው ዕለት ባለሙያው ጭምብሉን «ለማስታወሻ ይውሰዱት» ቢለው ራዲዮ እጁን እያወዛወዘ እምቢ አለ። «የኔ ፊት እንደዚህ ነው እንዴ?» አለ ለእህቱ ሲወጡ።

ጥቂት ወራት አልፈው ምርመራ ሲደረግለት ሐኪሟ ጅማቱን በስክሪን አሳየቻቸው። ሦስቱም ተደርድረው አዩ። ሁለት ነጫጭ ነገሮች ይከፈታሉ ይዘጋሉ፤ እብጠቷ የለችም።

«ለአሁኑ የሚታይ ነገር የለም» አለች። «ለአሁኑ የምለው ለወጉ አይደለም፤ በየጊዜው እየመጡ እንከታተላለን። ግን ደስ ብሎኛል።» ከዚያ እታለምን አየቻት። «እርስዎስ?»

«ከአንዲቷ ግማሽ ወዲህ የለም» አለች እታለም። ሐኪሟ ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም፤ ባልና ሚስቱ ግን ተሳሳቁ።

ድምፁ ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን የድሮው አይደለም። ከሥሩ አሸዋ ያለበት ይመስላል፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ኃላፊው መጀመሪያ ለግማሽ ቀን ብቻ መለሰው። የሰሜኑ መንገደኛ ወደ ሰሜን፣ የደቡቡ ወደ ደቡብ መሄድ ጀመረ፤ ትኬት ቆራጯም እፎይ ብላ ወደ መስኮቷ ገባች። አንዱ ሾፌር ከታች አንገቱን ወደ መስታወቱ ክፍል አቅንቶ «ድሮ ኤፍ ኤም ነበርክ፤ አሁን አጭር ሞገድ ሆነሃል» ብሎ ጮኸ። ራዲዮ ማይክሮፎኑን ከፍቶ፣ መናኸሪያው ሁሉ እየሰማ፣ «አጭር ሞገድ ሩቅ ይደርሳል» ብሎ መለሰለት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህርቷ አንድ ሐሳብ አመጣች። ይህን ያህል ዘመን ሰው ሲያሳፍር የኖረ ሰው ራሱ ተሳፍሮ የት ደርሶ ያውቃል? ሐይቅ ያለበት፣ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነበር፤ ሁልጊዜ ጠዋት ስሙን ይጠራዋል፣ አይቶት ግን አያውቅም። ሦስት ትኬት ቆረጡ። እታለም ሱቋን ዘግታ፣ ለራሷ አዲስ ኮፍያ ሰፍታ መጣች።

እኩል መንገድ ላይ አውቶቡሱ ለዕረፍት ቆመ። ነዳጅ ማደያ፣ ጥቂት ሱቆች፣ ከኋላው ሜዳ። ወንዶቹ ወርደው በአውቶቡሱ ጥላ ሥር ተደርድረው ለኮሱ። ጭሱ ቀስ ብሎ ወደ እህትና ወንድሙ መጣ። እታለም አፍንጫዋ ሲነቃ ተሰማት፤ ውስጧ የሆነ ነገር ጆሮውን አቆመ። ወንድሟን አየችው። እሱም እያያት ነበር።

«ወዲያ እንሂድ» አለ።

ሜዳው ላይ ወጥተው ነፋሱ ከፊት በሚመጣበት ቆሙ። መምህርቷ ከሱቁ ብርቱካን ገዝታ ደረሰችባቸው። እየላጠች ታድላቸዋለች፣ እነሱም እየበሉ ፍሬውን ሣሩ ላይ ይተፋሉ። ከሰዎቹ አንዱ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቱ ይዞ ወደ እነሱ መጣ።

«ጋሼ፣ እሳት ይኖርዎታል?»

ራዲዮ በልማድ ኪሱን ዳበሰ። ያገኘው መሐረብና የአውቶቡስ ትኬት ነው።

«የለኝም ወንድሜ» አለ። «ብርቱካን ግን አለ።»

ሰውየው ግራ ገብቶት ሳቀና አንድ ክፍል ብርቱካን ተቀብሎ ተመለሰ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሲሳፈሩ እታለም ቀድማ ገብታ የመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እታለም፣ እዚህ ድረስ እኔ ነበርኩ መስኮቱ ጋ» አለ ራዲዮ።

«ለዚያ ነዋ፤ ተራው የኔ ነው።»

«ሐይቁ ሲመጣ ግን እንቀያየራለን።»

«ሐይቁ ሲመጣ እናያለን» አለች፤ ኮፍያዋንም አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች። መምህርቷ ከኋላቸው ካለው ወንበር ሆና የሁለቱንም ትከሻ በእጇ ያዝ አድርጋ ዝም አሰኘቻቸው። አውቶቡሱ ተነሳ። እታለም ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች፤ ራዲዮም ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ሰማት።